እኩልነት በስፌት ላይን ላይ፦ የቡድን መሪ በየቀኑ የሚያከፋፍላቸው ነገሮች

ስለ እኩልነት፣ ስለ ብዝኃነትና ስለ አካታችነት በየድርጅቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በዋናው ቢሮ ነው። ሠራተኛው ግን በእኩል ዓይን መታየት አለመታየቱን የሚያውቀው በየማለዳው ፊት ለፊት ከሚያገኘው የቡድን መሪ ነው። እኔ በሐዋሳ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የአንድ ላይን፣ ማለትም አንድን ልብስ ተቀባብለው የሚሰፉ ሠራተኞች የተቀመጡበት የማምረቻ መስመር፣ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሥራዬ በድርጅቱ መዋቅር ላይ ሲታይ ሥልጣን የሚባል ነገር ያለው አይመስልም፤ ሠራተኛ አልቀጥርም፣ አላሰናብትም፣ ደመወዝም አልወስንም። ነገር ግን ማን የትኛው የስፌት መኪና ላይ እንደሚቀመጥ፣ ትርፍ ሰዓት ለማን እንደሚደርስ፣ አዲስ ሥራ የሚለማመደው ማን እንደሆነ፣ የማን የፈቃድ ጥያቄ ከበጎ አስተያየት ጋር ወደ ሰው ኃይል ክፍል እንደሚሄድ፣ ማን በሰው ፊት፣ ማን ደግሞ ለብቻው ተጠርቶ እንደሚገሠጽ የምወስነው እኔ ነኝ። እነዚህ ውሳኔዎች በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰጡ፣ በወረቀት ላይ የማይሰፍሩና ይግባኝ የማይባልባቸው ናቸው። አድልዎም የሚያድረው በአብዛኛው እዚያው ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ እኩልነትን ማስፈን የሚፈልግ የቡድን መሪ ከሁሉ በፊት በእጁ ያሉትን እነዚህን ያልተጻፉ ውሳኔዎች ሁሉም ሊያያቸውና ሊጠይቅባቸው ወደሚችል ቦታ ማውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ ወረዳዎችና ከአጎራባች አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በልብስ ስፌት ሥራ ለመቀጠር ወደ ከተማዋ መጥተዋል። በአንድ ላይን ላይ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከዳሌ፣ ከወላይታ ሶዶ፣ ከዲላ፣ ከሆሳዕናና ከሻሸመኔ የመጡ ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ፤ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙና አድቬንቲስቱ በአንድ የምሳ አዳራሽ ይመገባሉ። ለብዙዎቹ ይህ የመጀመሪያ የደመወዝ ሥራቸው ነው፤ ከወላጅ ርቀው ቤት ተከራይተው ሲኖሩም የመጀመሪያቸው ነው። እንዲህ ያለች ወጣት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸው የተጠበቀ መሆኑን መደንገጉን አንብባ ላታውቅ ትችላለች። ሕጉ ለእርሷ የሚታያት በሱፐርቫይዘሯ ጠባይ በኩል ነው።

ከመኪና ምደባው ልጀምር፤ ምክንያቱም ቀላል መስሎ የሚታየውና ብዙ የሚወስነው እርሱ ነው። ሸሚዝ በሚሰፋበት ላይን ኮሌታ መስፋትና እጅጌ መግጠም ከባዶቹ ሥራዎች ናቸው፤ ክር መቁረጥና የተሰፋውን ማቀበል ደግሞ ቀላሎቹ። ከባዱን ሥራ የለመደች ኦፐሬተር (በመኪና የምትሰፋ ሠራተኛ) የክህሎት ደረጃዋ ከፍ ይላል፣ ማበረታቻም ታገኛለች፣ ሌላ ፋብሪካ ብትሄድም ተፈላጊ ትሆናለች። ክር ስትቆርጥ የቆየች ሠራተኛ ግን ዓመት ብታገለግልም በእጇ የሚገባ ሙያ የላትም። ታዲያ ኮሌታ ለመስፋት የሚለማመደው ማን ነው? ማንም ካልተከታተለው ዕድሉ የሚደርሰው ለሱፐርቫይዘሩ ቅርብ ለሆነው፣ ቋንቋውን አቀላጥፎ ለሚናገረው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብሮት ለሚዘምረው ወይም የአገሩ ልጅ ለሆነው ነው። ይህን የሚያደርግ ሱፐርቫይዘር ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ታርጌቱ፣ ማለትም እንዲደርስበት የተወሰነለት የምርት መጠን፣ ሲያስጨንቀው የሚያምነውን ሰው ይጠራል፤ የሚያምነው ደግሞ የሚያውቀውን ነው።

እኛ ላይን ላይ ይህን ለመግታት የረዳን አንድ የክህሎት ሠንጠረዥ ነው። በግራ በኩል የሠራተኞች ስም፣ ከላይ የሥራ ዓይነቶች ይጻፋሉ፤ በመካከሉ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራውን በረዳት ይሠራ እንደሆነ፣ ብቻውን ይሠራ እንደሆነ ወይም ለሌላ ማስተማር ይችል እንደሆነ ምልክት ይደረጋል። ሠንጠረዡ በሱፐርቫይዘሩ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ምንም አይጠቅምም። በላይኑ ራስ ላይ፣ ሁሉም ውኃ ሊጠጣ ሲሄድ በሚያልፍበት ቦታ ተሰቅሎ መታየት አለበት። መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ ያስነሳል፤ «እኔ ከእርሷ በምን አንሳለሁ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይህ ጥያቄ መምጣቱ ግን የሥርዓቱ ጤንነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው ቀድሞም በሰዎች ልብ ውስጥ ነበረ፣ መልስ የሚሰጠው ግን አልነበረም። ባዶ የሆነው ሣጥን ሲታይ ሠራተኛዋ «ይህን መልመድ እፈልጋለሁ» ለማለት ምክንያት ታገኛለች፤ እኔም ለማን ዕድል እንዳልሰጠሁ ከራሴ ልደብቀው አልችልም።

ትርፍ ሰዓትም ከዚህ የሚተናነስ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓቱን ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኗል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶችም ዘርዝሯል፤ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረን ሠራተኛ መተካት። ክፍያው በቀን የመደበኛው አንድ ተኩል፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል ነው። የቤት ኪራይ ለሚያስጨንቃት ሠራተኛ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ልጇን ጎረቤት ዘንድ ትታ ለመጣች እናት ግን እንድትቀር መገደድ ትልቅ መከራ ነው። ስለዚህ በትርፍ ሰዓት ላይ የሚፈጸም አድልዎ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዘወትር ለተመሳሳይ ሰዎች መስጠት፣ ሌላው እምቢ ማለት የማይችሉትን ዘወትር ማስገደድ። ተራ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ሁለቱም በአንድ ላይን ላይ በአንድ ሳምንት ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም ልብ ላይለው ይችላል። መዝገቡ ተራው የማን እንደሆነ፣ ተራዋ ደርሶ ፈቃደኛ ያልሆነች ካለችም ተራዋ ለማን እንደተላለፈ ያሳያል። እምቢ ያለችውን በቀጣዩ ቀን ፊትን በማጥቆር አለመቅጣት ግን የሱፐርቫይዘሩ ሕሊና ድርሻ ነው።

መዝገብ ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግ በግልጽ የታየው ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በኋላ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ዕድል) ተጠቃሚነት ስታግድ ለአሜሪካ ገበያ ያመርቱ የነበሩ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ ቀነሰባቸው፤ የሠራተኛ ቅነሳም መጣ። አዋጁ በቅነሳ ጊዜ የሥራ ችሎታና ከፍተኛ የምርት ውጤት ያላቸው ሠራተኞች በሥራ እንዲቆዩ ቅድሚያ ይሰጣል። መዝገብ በሌለበት ላይን ግን «ችሎታ ያለው ማን ነው» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰው የሱፐርቫይዘሩ ትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚናገረውንና አብሮ የሚስቀውን እንጂ አንገቷን ደፍታ የምትሠራውን አያስታውስም። በዝምታዋ ምክንያት እንጀራዋን የምታጣ ሠራተኛ ስትኖር ስለ አካታችነት የተሰጠው ሥልጠና ሁሉ ለእርሷ ከንቱ ነው።

ዝምታ ካልኩ ዘንድ ስለ ቋንቋ በሰፊው መናገር ይገባኛል፤ በሐዋሳ የሥራ ቦታዎች ከሁሉ ይልቅ ሰዎችን የሚለየው፣ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለት እርሱ ነውና። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ የሥራ ቋንቋውም ሲዳሙ አፎ ነው። የፋብሪካ መመሪያዎችና ማስታወቂያዎች ግን በአብዛኛው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይወጣሉ። ሲዳሙ አፎ ኩሻዊ፣ ወላይትኛ ኦሟዊ፣ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ቋንቋ በመሆናቸው አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን በመገመት ሊረዳው አይችልም። በዚህ ላይ ሲዳሙ አፎና ወላይትኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የተማረች ሠራተኛ በግዕዝ ፊደል የተለጠፈን የደህንነት ማስጠንቀቂያ እንደ ከተማ ልጅ ቶሎ ላታነበው ትችላለች። እኔ አማርኛ አፍ መፍቻዬ ነው። ይህ ምን ያህል የማይታይ ጥቅም እንደሆነ የተረዳሁት ሲዳሙ አፎ በሥራ ላይ መማር ስጀምር ነው፤ በገዛ ቋንቋዋ ፈጣንና ቀልደኛ የሆነች ሴት በአማርኛ ስትናገር ቃል እየፈለገች ስትቆም፣ የማያውቃት ሰው ዘገምተኛ አድርጎ ይቆጥራታል። ግምገማ ላይም የሚጻፍባት ይኸው ነው።

በማለዳው አጭር ስብሰባችን የዕለቱን ሥራ በአማርኛ ከተናገርኩ በኋላ ከሠራተኞቹ አንዷ በሲዳሙ አፎ ትደግመዋለች። የምትተረጉመዋ በየጊዜው ትቀያየራለች፤ አንዲት ሰው ብቻ ከሆነች ሳትፈልገው በር ጠባቂ ትሆናለች፣ ቅሬታ ያላትም ሠራተኛ በእርሷ በኩል ካልሆነ ወደ እኔ መድረስ አትችልም። ለትርጉም የምታጠፋው ጊዜ ከታርጌቷ ላይ ይቀነስላታል፤ በነፃ የሚሠራ ትርጉም በትሕትና ስም የሚጫን ተጨማሪ ሥራ ነውና። ሥራውንም በቃል ከመግለጽ ይልቅ የተሰፋውን ናሙና አንሥቼ፣ ስፌቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በጣቴ አሳያለሁ። ከዚያ «ገባሽ?» ብዬ አልጠይቅም። በእኛ ባህል ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ባይገባም እንኳ፣ ከይሉኝታ የተነሣ «አዎ» ነው። «እስቲ አንድ ሰፍተሽ አሳዪኝ» ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም፤ ለሁሉም ስለሚባልም ማንንም አይለይም። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም ወላጆቹ እንዳወጡለት አስተካክሎ መጥራት፣ «አንቺ ልጅ» ከማለት መቆጠብም ከዚሁ ይደመራል። መካኒኩን «ኢንጂነር» ብሎ አክብሮ፣ በዕድሜ የምትበልጠውን ኦፐሬተር በጣት ጠቅሶ መጥራት በፋብሪካ ውስጥ የተለመደ ነው፤ መለመዱ ግን ትክክል አያደርገውም።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በከተማችን የተከሰተው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፣ ብዙዎችንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ዛሬ በአንድ ላይን ላይ ጎን ለጎን ከሚቀመጡት መካከል በዚያ ጊዜ ዘመድ ያጣ ወይም ቤቱ የተቃጠለበት ሊኖር ይችላል፤ የቡድን መሪ ይህን ማወቅ እንጂ መጠየቅ አይጠበቅበትም። በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ስለ አንድነት ረጅም ንግግር ማድረግ ብዙ አይፈይድም። የሚፈይደው የመቀመጫ ምደባ በክህሎት ብቻ መሆኑ፣ በብሔር ላይ የተሰነዘረ ስድብ ማንም ይናገረው ማን በዚያው ቀን በአንድ ዓይነት ደንብ መታየቱ፣ መሪው ራሱም ከሥራ ውጭ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚጽፈውን ማሰቡ ነው። ሠራተኞች የሱፐርቫይዘራቸውን ገጽ ያነብባሉ። ማታ አንድን ሕዝብ የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ያጋራ ሰው ማለዳ ላይ «ሁላችሁም ለእኔ እኩል ናችሁ» ቢል የሚያምነው አያገኝም።

የበዓላት ነገር ከዚህ ቀለል ያለ ይመስላል፤ የማምረቻ ዕቅድ ሲወጣ ግን ትልቅ ራስ ምታት ይሆናል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ፣ ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓል፣ በአዋቂ አባቶች የከዋክብትና የጨረቃ ቆጠራ የሚወሰን ስለሆነ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በመስከረም የወላይታ ጊፋታና መስቀል ይከታተላሉ። ሙስሊሞቹ በረመዳን ጾመው ይሠራሉ፣ ዓርብ ዓርብም የጁምዓ ሰዓት አላቸው፤ ኦርቶዶክሶቹ በዐቢይ ጾም ምሳ ሰዓታቸው ይለወጣል። ስድስት ቀን በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በጣም የሚቸገሩት ግን ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩት አድቬንቲስቶች ናቸው፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ጥያቄያቸው እንደ አመል ይቆጠራል። እኛ ያገኘነው መላ በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሠራተኛ በበዓል ምክንያት ከሥራ መቅረት የሚፈልግባቸውን ቀኖች አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ማድረግና መለዋወጥን መፍቀድ ነው። በፋሲካ ሰሞን ሙስሊሟ የኦርቶዶክሷን ሥራ ትሸፍናለች፤ በዒድ ዋዜማ ውለታው ይመለሳል። ይህ እንዲሠራ ደግሞ ሁለቱም በአንድ መኪና ላይ መሥራት መቻል አለባቸው፤ የክህሎት ሠንጠረዡ እዚህም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሴቶች ጉዳይ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ለስላሳ ቃል መምረጥ አልፈልግም። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር እንድታገኝ ያዛል፤ ለሕክምና ምርመራ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ሆነ በትርፍ ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ከሥራ እንዳትሰናበት ይጠብቃታል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ብዙ ሠራተኞች እርግዝናቸውን እስከሚታይ ድረስ የሚደብቁት ለምንድን ነው? መልሱ ሱፐርቫይዘሩ ነው። ስታሳውቀው ፊቱ ከጠቆረ፣ «አሁን ታርጌታችንን ማን ሊሞላ ነው» ካለ፣ ከእርሷ በኋላ ያሉት ሁሉ መደበቅን ይማራሉ፤ የሚደብቁትም በጣም መጠንቀቅ በሚገባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያሳወቀችውን «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ፣ ቁጭ ብላ የምትሠራውን ሥራ አብሮ መርጦ፣ ወደ ሰው ኃይል ክፍል የሚሄደውን ቅጽ በዚያው ቀን መሙላት ምንም ወጪ የለውም። ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ካርድ ተራ በሚጠበቅባቸው ላይኖችም ነፍሰ ጡሮችና የወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች ተራ እንዳይጠብቁ፣ ምክንያትም እንዳይጠየቁ ማድረግ የሱፐርቫይዘሩ ሥልጣን ነው። አንዲት ሴት ይህን በወንድ አለቃ ፊት ማስረዳት እንዳለባት ማሰብ ራሱ ውርደት ነው።

ወሲባዊ ትንኮሳን በተመለከተ አዋጁ አሠሪም ሆነ የሥራ መሪ በሥራ ቦታ ትንኮሳም ጥቃትም እንዳይፈጽም በግልጽ ይከለክላል፤ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን የማቋረጥ መብት ይሰጣታል። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ከሕጉ በፊት የሚመጣው ሽምግልና ነው። አንዲት ኦፐሬተር መካኒክ ወይም የሰርቪስ ሹፌር ነካክቶኛል ስትል ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት ሽማግሌ የሚባሉ ባልደረቦች ናቸው፤ «የሰው እንጀራ አትዝጊ፣ ይቅር በይው፣ እርሱም ይቅርታ ይጠይቅሽ» ይሏታል። ሽምግልና ለብዙ ነገር ታላቅ ሀብታችን ነው፤ ለዚህ ግን ቦታው አይደለም። አንዱ በሌላው ላይ ኃይል ባለበት ጉዳይ ዕርቅ የሚያወርደው ሸክሙን ከበዳዩ ላይ አንሥቶ በተበደለችው ላይ ነው። የቡድን መሪ ሊያደርግ የሚገባው የተናገረችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፍ፣ ለሚመለከተው ክፍል በዕለቱ ማድረስ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ሁለቱን መለየት ካስፈለገም የሚዛወረው ተከሳሹ እንጂ እርሷ እንዳትሆን መከራከር ነው። እርሷ ወደ ሌላ ላይን ከተዛወረች የምታጣው ወዳጆቿን፣ የለመደችውን መኪናና ማበረታቻዋን ነው፤ ያያት ሁሉም ከዚያ ወዲያ አፉን ይዘጋል። በምሽት ፈረቃ የመውጫ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰርቪሱ ከሄደ በኋላ «አንድ ደርዘን ጨርሱልኝ» ብሎ ማስቀረት ወጣት ሴቶችን በጨለማ ወደ ኪራይ ቤታቸው በእግር መስደድ ስለሆነ በእኛ ላይን ላይ አይደረግም።

ስለ አካል ጉዳተኞች ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጥሎበታል። ፋብሪካ ውስጥ «ምቹ» የሚለው ምን እንደሆነ የሚታወቀው በላይኑ ላይ ነው። መስማት የተሳናት ኦፐሬተር በመኪና ጩኸት መካከል ሥራዋን ከማንም ባልተናነሰ ትሠራለች፤ የሚጎዳት ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዋ ቆሞ መናገሩ፣ የማለዳው ስብሰባ በቃል ብቻ መሆኑና የእሳት አደጋ ደወል ድምፅ እንጂ ብርሃን የሌለው መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የቡድን መሪ በራሱ ማስተካከል ይችላል፤ ፊቷን ወደ መተላለፊያው አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሥራውን በናሙና ማሳየት፣ ከጎኗ ያሉት መሠረታዊ የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ ጊዜ መስጠት። ሦስተኛውን ደግሞ መብራት እስኪገጠም ድረስ በጽሑፍ ደጋግሞ መጠየቅ፣ እስከዚያው በአደጋ ጊዜ ትከሻዋን ነክቶ የሚያስወጣት ሰው በስም መመደብ አለበት። እግሩ ላይ ጉዳት ያለበት ሠራተኛም ቢሆን የመኪናው ፔዳል ቦታና የጠረጴዛው ከፍታ ሲስተካከልለት ከሌላው እኩል ይሰፋል። ማስተካከያው ሳይደረግለት ክር ቁረጥ ተብሎ በርኅራኄ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ከሙያው ተነጥሏል፤ ርኅራኄው መልካም ስለመሰለን መነጠሉ አይቀርም።

ከሥራ ባልደረቦቼ ዘወትር የሚቀርብልኝ መቃወሚያ ታርጌት ነው። ለትርጉም፣ ለልምምድ፣ ለመዝገብና ለተራ የሚጠፋው ደቂቃ ከምርት ላይ ይቀነሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀነሳል፣ ይህንንም ለአለቆች ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን ኮሌታ የምትሰፋዋ አንዲት ሴት ብቻ በሆነችበት ላይን እርሷ በታመመች ቀን ሥራው ሁሉ እንደሚቆም፣ መመሪያው ያልገባት ሠራተኛ የሰፋችውን ለመፍታት ከሰዓት በኋላው ሁሉ እንደሚያልፍ እነርሱም ያውቃሉ። ሠራተኛ ሲለቅም አዲስ ሰው እስኪለምድ የሚጠፋውን ጊዜ ማንም ከታርጌቱ ላይ አይቀንስላቸውም። ወንዶቹ በበኩላቸው «ሁሉም ነገር ለሴት ሆነ» ይላሉ። ለእነርሱ የምለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንደሚሰጥ ነው፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ይህን መብት አያውቁም፣ የሚያውቁትም ለመጠየቅ ያፍራሉ። እኔ ልጅ እንደተወለደለት የሰማሁትን ወንድ ሳይጠይቀኝ ቅጹን አምጥቼ አስሞላዋለሁ።

የቀረኝ የዕድገት ጉዳይ ነው። ኦፐሬተሮቹ በአብዛኛው ሴቶች በሆኑበት ሥራ ሱፐርቫይዘሮቹና መካኒኮቹ በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አዋጁ በቅጥርም ሆነ በዕድገት ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ያመጣች ሴት ቅድሚያ እንድታገኝ ይደነግጋል፤ ለመወዳደር ግን መጀመሪያ ማስታወቂያውን ማየት አለባት። ማስታወቂያው በቢሮው በር ላይ በአንድ ቋንቋ ለጥቂት ቀናት ከተለጠፈ፣ ወሬው የሚደርሰው ከሱፐርቫይዘሮች ጋር ምሳ ለሚበሉት ብቻ ነው። ስለዚህ የዕድገት ማስታወቂያ በየላይኑ ራስ ላይ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ እንዲለጠፍ፣ የሚጠየቀው መመዘኛ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ፣ የክህሎት ሠንጠረዡ ከፈተናው ጋር እንዲቆጠር፣ የተወዳዳሪዎቹም ውጤት በነጥብ እንዲገለጽ ለአለቆቼ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የማለዳውን ሥራ የማከፋፈሉን ኃላፊነት በየሳምንቱ ለአንዲት ኦፐሬተር በተራ እየሰጠሁ፣ ከጎኗ ቆሜ አለማምዳለሁ፤ ፈተናው ሲወጣ «የመምራት ልምድ የለሽም» የሚለው ምክንያት ከእኛ ላይን ለሚወዳደሩት እንዳይሠራ።